በእንግሊዝ በረኛ ሆኖ እንጀራ መብላት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ቅዳሜና እሑድ በዝናብ ሜዳ ዳር ቆማችሁ የሰው ልጅ የምታሰለጥኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ጓንት ይዛችሁ የመጣችሁ ልጆችም፣ እንደምን ዋላችሁ። ስለ ጥሪው ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናገረው እዚህ እንግሊዝ አገር ግብ ጠባቂነት እንዴት የዕድሜ ልክ ሙያ እንደሚሆን፣ የት ላይ እንደሚሰናከልና ለምን እንደሚሰናከል ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ። ዋናውን ነገር ግን ከወዲሁ ልናገር። አጥቂ ቢደክም በ60ኛው ደቂቃ ይቀየራል። ተከላካይ ቢጎዳ አማካዩ ወደ ኋላ ይሳባል። ሁለተኛው በረኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ልምምድ ሠርቶ፣ ዓመቱን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ቦታዋ አንዲት ናትና። ስለዚህ የበረኛን ሙያ የሚወስነው የየትኛውን ክለብ ማሊያ ለብሶ ፎቶ እንደተነሳ ሳይሆን በየዓመቱ ነጥብ የሚያስገኝና የሚያሳጣ ጨዋታ ስንት እንደተጫወተ ነው። ልጃችሁ ምርጫ ሲቀርብለት ከትልቁ ስም ይልቅ ጨዋታውን ይምረጥ። እኔ የመጣሁት ይህን ለማስረዳት ነው።

የቦታዋን ጥበት ለማየት ወደ 1970ዎቹ መመለስ ይበቃል። እንግሊዝ ፒተር ሺልተንንና ሬይ ክሌመንስን በአንድ ዘመን አገኘች። አሰልጣኙ ሮን ግሪንውድ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ከብዶት ተራ በተራ ያሰልፋቸው ነበር። ሺልተን 125 ጊዜ፣ ክሌመንስ 61 ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፉ። በዚያው ዘመን የማንችስተር ሲቲው ጆ ኮሪጋን ያገኘው 9 ጨዋታ ብቻ ነው። ኮሪጋን በሌላ ዘመን ቢወለድ የብሔራዊ ቡድኑ ቁጥር አንድ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ከትንንሾቹ ልጀምር። የክለብ አካዳሚዎች ልጅ የሚያስመዘግቡት ከ9 ዓመት በታች ካለው ምድብ ጀምሮ ነው። ከ2012 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ዕቅድ መሠረት አካዳሚዎቹ ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ተሰጥቷቸዋል፤ ደረጃ አንድ ያሉት ብዙ አሰልጣኝ፣ ብዙ ሰዓትና የራሳቸው የበረኛ አሰልጣኞች አሏቸው። እዚህ ላይ ወላጅ የሚስተው ነገር አለ። ሰባት ለሰባት ሲጫወቱ ግቧ 3.66 ሜትር ስፋትና 1.83 ሜትር ከፍታ ናት። ዘጠኝ ለዘጠኝ ሲሆን 4.88 በ2.13 ትሆናለች። ከዚያ ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጆች 6.40 በ2.13፣ በመጨረሻም የትልልቆቹ 7.32 በ2.44። በአሥር ዓመቱ ፈጥኖ የረዘመ ልጅ ትንሿን ግብ በቁመቱ ብቻ ይሞላታል፤ ሳይንቀሳቀስ ያድናል፣ ይጨበጨብለታል። ግቧ ስትሰፋ እግሩ አልሠለጠነምና ኳሱ ጋ አይደርስም። ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ ደግሞ በዚያች ትንሽ ግብ ዘመን በእግሩና በዓይኑ መኖርን ተምሯል። በ14 እና በ16 ዓመት መካከል ቅደም ተከተሉ የሚገለባበጠው በዚህ ምክንያት ነው። ልጃችሁ ትንሽ ከሆነ አትደንግጡ፤ ረጅም ከሆነም ቶሎ አትደሰቱ።

ሌላው ምክሬ፣ እስከ 12 ዓመት ድረስ ልጁ የጨዋታውን ግማሽ ከግቡ ውጪ ይጫወት። የአሁኑ በረኛ በእጁ ከሚይዛት ኳስ በእግሩ የሚነካት ትበልጣለች። ነገሩ የተለወጠው በ1992 ነው፤ ጓደኛ ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛው በእጁ እንዳይዝ ተከለከለ። በ2019 ደግሞ የመልስ ምት ከቅጣት ክልሉ ሳይወጣ ጓደኛ ሊቀበለው እንደሚችል ተፈቀደ፤ በዚህም ተጋጣሚው እየተጫነ በረኛው የመጀመሪያው አቀባይ ሆነ። ጆ ሃርት የደረሰበትን አስታውሱ። በ2006 ከሽሩውስበሪ ወደ ማንችስተር ሲቲ የሄደ፣ በፕሪሚየር ሊግ በብዙ ጨዋታ መረቡን ላላስደፈረ በረኛ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት አራት ጊዜ የወሰደ፣ ለእንግሊዝ 75 ጊዜ የተሰለፈ ሰው ነው። በ2016 አሰልጣኙ ፔፕ ጓርዲዮላ ወደ ሲቲ ሲመጣ በእግሩ የሚጫወት በረኛ ፈለገና ክላውዲዮ ብራቮን አስመጣ። ሃርት በ29 ዓመቱ በውሰት ወደ ጣሊያን ቶሪኖ ሄደ። ኳስ የማዳን ችሎታው በአንድ ክረምት አልጠፋም፤ ከሥራው የሚፈለገው ነገር ነው የተለወጠው። ስለዚህ ልጁ በሁለቱም እግሩ፣ ከ30 እስከ 40 ሜትር፣ ወደ ጎን መስመር ላለ ጓደኛው ደረት ማድረስን ገና በልጅነቱ ይለማመድ።

በ16 ዓመት የመጀመሪያው ትልቅ በር ይመጣል። ክለቡ ወይ የሁለት ዓመት ስኮላርሺፕ ይሰጣል ወይ ያሰናብታል። ስኮላርሺፕ ያገኘ ልጅ በየቀኑ ልምምድ ይሠራል፤ ከዚያ ጎን ለጎን ትምህርቱን የመቀጠል ግዴታ አለበት። ይህን ትምህርት አደራ አታቃልሉት፤ ከስኮላሮቹ ብዙዎቹ በ18 ዓመታቸው ፕሮፌሽናል ውል አያገኙም። የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል ውል ከ17 ዓመት ጀምሮ ሊፈረም ይችላል። ውሉ ሲመጣ ከደመወዙ ቁጥር በፊት ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ የማራዘም መብቱ የማን ነው? ብዙ ጊዜ «ሲደመር አንድ ዓመት» የሚባለው በክለቡ ፈቃድ ብቻ የሚራዘም ነው፤ ልጁ መሄድ ቢፈልግ እንኳ ክለቡ ሊያስቀረው ይችላል። ሁለተኛ፣ በዚያ ክለብ ከእሱ በላይ ስንት በረኛ አለ፣ ዕድሜያቸውስ ስንት ነው? የ23 ዓመት ቁጥር አንድና የ21 ዓመት ቁጥር ሁለት ባለበት ክለብ የ18 ዓመት ልጅ መቼ ሊጫወት ነው?

መሰናበት ግን የሙያ ሞት አይደለም። ኒክ ፖፕን ኢፕስዊች በ16 ዓመቱ አሰናበተው። ቤሪ ታውን የሚባል አነስተኛ ክለብ ገባ፤ ወተት እያደለም ሠርቷል። በ2011 ቻርልተን ወሰደው፤ ከዚያም ሃሮው ቦሮ፣ ዌሊንግ፣ ካምብሪጅ ሲቲ፣ አልደርሾት፣ ዮርክ፣ ቤሪ እያለ በውሰት ዞረ። በ2016 በርንሌይ ገዛው፤ በ2018 በእንግሊዝ ማሊያ ተሰለፈ፤ በ2022 ኒውካስል ገባ። አሮን ራምስዴልንም ቦልተን በልጅነቱ ነው ያሰናበተው። ሼፊልድ ዩናይትድ ተቀበለው፤ በኋላ ከበርንማውዝ ጋር በ2020፣ ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር በ2021 ሁለት ዓመት ተከታትሎ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። በዚያው ክረምት ግን አርሰናል ገዛው። ለምን? በሁለቱም ዓመት በፕሪሚየር ሊግ ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ በየሳምንቱ በጥይት ስር ነበር። የወረደ ቡድን በረኛ ብዙ ኳስ ይመጣበታል፤ ሥራው ይታያል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችንንም የሚመለከት ነገር ላንሳ። የአርሰናሉ ዴቪድ ራያ ከስፔን ወደ ብላክበርን የመጣው በ16 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ያ በር ተዘግቷል፤ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ ከ2021 ጀምሮ ክለቦቿ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከውጭ አገር ማስፈረም አይችሉም። ከ18 በላይ የሆነም ለብሔራዊ ቡድን በተጫወተው ጨዋታ፣ በሊጉ ደረጃና በመሳሰሉት ነጥብ ይሰላለታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ላለ የ15 ዓመት በረኛ «የእንግሊዝ ክለብ ሙከራ አገኝልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ እያታለለ ነውና ቤተሰቡን አስጠንቅቁ። ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚህ ከመጡ ግን የፊፋ ደንብ ለልጁ ምዝገባ ይፈቅዳል፤ በስደት ለመጡ ልጆችም የተለየ አንቀጽ አለ። ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል፤ የልደት ማስረጃና የወላጅ መኖሪያ ሰነድ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

አሁን ወደ ውሰት ልግባ። በረኛ በእንግሊዝ የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጆርዳን ፒክፎርድን ተመልከቱ። የሰንደርላንድ አካዳሚ ልጅ ነው። በ2012 ገና 17 ዓመቱ እያለ ዳርሊንግተን ላኩት፤ አምስተኛው እርከን፣ ክለቡም በገንዘብ ችግር የተያዘበት ጊዜ። ቀጥሎ አልፍሬተን፣ በርተን፣ ካርላይል፣ ብራድፎርድ፣ ፕሬስተን። ስድስት ክለብ፣ ከአምስተኛው እርከን እስከ ሁለተኛው፣ እስከ ሻምፒዮንሺፕ፣ አንድ በአንድ የወጣበት መሰላል። ሰንደርላንድ መልሶ ጠራውና በጥር 2016 በፕሪሚየር ሊግ አሰለፈው። በ2017 ሰንደርላንድ ሲወርድ ኤቨርተን በ25 ሚሊዮን ፓውንድ፣ እስከ 30 ሊደርስ በሚችል ዋጋ ገዛው፤ ያኔ ለብሪታንያዊ በረኛ ተከፍሎ አያውቅም። በ2018 የዓለም ዋንጫ ኮሎምቢያ ላይ የካርሎስ ባካን ምት አድኖ እንግሊዝ በዓለም ዋንጫ ታሪኳ የመጀመሪያውን የመለያ ምት ድል አገኘች። ቁመቱ ለበረኛ አጭር ነው ይባላል፤ 1.85 ሜትር። አጭርነቱን ያካካሰው በእነዚያ ስድስት ክለቦች የተማረው ነው።

ምን ይማራል? በወጣቶች ሊግ ኳሱ መሬት ለመሬት ይመጣል፣ ቢሸነፉም ማንም ሥራውን አያጣም። በአምስተኛው እርከን በናሽናል ሊግ ወይም በአራተኛው በሊግ ሁለት ግን ረጅም የእጅ ውርወራ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል፣ የ32 ዓመት ተከላካይ በክርን ይገፋል፣ ከፊት ያለው አምበል የቤት ኪራዩ በጉርሻው ላይ ነው። የማዕዘን ምት ሲመጣ በረኛው የሚያደርገውን ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ አቋሙ። ከመስመሩ አንድ እርምጃ ያህል ወጣ ይላል፣ ከግቡ መሃል ትንሽ ወደ ሩቁ ቋሚ ያደላል፣ ደረቱን ለኳሱ ብቻ ሳይሆን ለሜዳውም ይከፍታል። ወደ ፊት ሮጦ መዝለል ይቻላል፤ ወደ ኋላ እየሄዱ መዝለል ግን ኃይል የለውም። ኳሱ ከመመታቱ በፊት አይወስንም፤ ከእግር ስትወጣ ፍጥነቷንና መታጠፊያዋን አንብቦ ይወስናል። ከወሰነ «ኪፐርስ!» (የበረኛው ናት) ብሎ ይጮኻል፤ አንዴ፣ ጮክ ብሎ፣ ቀድሞ። ካልወጣ «አዌይ!» (አርቋት) ይላል፤ ተከላካዮቹ ራሳቸው እንዲያርቁ። የሚነሳው በአንድ እግር ነው፤ ሌላው ጉልበት ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ከፍታም ይጨምራል፣ ከሚጋፋውም ይከላከላል። ኳሷን የሚይዘው ከግንባሩ ፊት፣ ክንዱ በተዘረጋበት ከፍተኛ ቦታ ላይ ነው። መንገዱ በሰው ከተዘጋ መያዝ ይቅር፤ ሁለት ቡጢ አጣምሮ በመጣችበት አቅጣጫ ይመልሳታል፣ ወደ ላይና ወደ ጎን፣ ከሳጥኑ ውጪ። ኳሷ አልፋ የምትሄድ ከሆነ በአንድ ቡጢ ወደምትሄድበት ይገፋታል።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ላይ አይደለም። ጩኸቱ ይዘገያል፣ ተከላካዩ አብሮት ይዘልላል፣ ይጋጫሉ። ወይም ተረከዙ መሬት ላይ ተጣብቆ የመጀመሪያው እርምጃ ይዘገይና ቀሪው ሁሉ ይዘገያል። ወይም አንድ ተጋጣሚ ፊቱ ቆሞ መንገድ ሲዘጋበት እሱን በመግፋት ይጠመድና ኳሷን ይረሳል፤ ተጋጣሚውም የፈለገው ይህንኑ ነው። አሁን በፕሪሚየር ሊግ ወደ ግብ የሚታጠፍ የማዕዘን ምት አምስትና ስድስት ሰው በበረኛው ዙሪያ አቁሞ መምታት በጣም ስለተለመደ፣ ይህን በ19 ዓመቱ በሊግ ሁለት ያልተማረ ልጅ በ23 ዓመቱ በአርሰናል ሜዳ በኤምሬትስ ላይ ሊማረው አይችልም። ኳሷን ከያዘ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ ከ2025/26 ጀምሮ ከስምንት ሰከንድ በላይ በእጁ ካቆያት ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል። ዳኛው የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንድ በእጁ እያሳየ ይቆጥራል።

ጄምስ ትራፎርድም የዚሁ መንገድ ልጅ ነው። ከማንችስተር ሲቲ አካዳሚ ወደ አክሪንግተንና ወደ ቦልተን በውሰት ሄደ፤ በ2023 በርንሌይ ገዛው። በፕሪሚየር ሊግ ከበደውና በ2024 ቦታውን አጣ፤ ቡድኑም ወረደ። ክለቡ አልሸጠውም፣ እሱም ቀረ። በ2024/25 በርንሌይ በ46 የሻምፒዮንሺፕ ጨዋታ የተቆጠረበት 16 ግብ ብቻ ነበር፤ በ30 ጨዋታ መረቡ አልተደፈረም። በ2025 ክረምት ሲቲ መልሶ ገዛው፣ የውድድር ዓመቱን በቋሚነት ጀመረ፤ በመስከረም መጀመሪያ ክለቡ ጃንሉዊጂ ዶናሩማን አስፈረመና አግዳሚ ወንበር ላይ ተመለሰ። እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ልጅ ችሎታ በየሳምንቱ መታየት ነበረበት።

ውሰት ሲቀርብ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። የሚቀበለው አሰልጣኝ ራሱ ፈልጎት ነው ወይስ ክለቦቹ ተስማምተው? የበረኛ አሰልጣኝ በሙሉ ጊዜ አላቸው? ባለቤቱ ክለብ በጥር መልሶ መጥራት ይችላል? ቡድኑ ቤት ያለው ነባር በረኛ ማን ነው፣ ተጎድቶ ከሆነስ መቼ ይመለሳል? ነባሩ በኅዳር የሚድን ከሆነ ውሰቱ እስከ ኅዳር ብቻ ነው፤ ቀሪው የአግዳሚ ወንበር ብርድ ነው። ከዝውውር መስኮት ውጪም አንድ መንገድ አለ፤ ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያሉትን ሦስት እርከኖች የያዘው የእግር ኳስ ሊግ ክለብ ጤነኛ ፕሮፌሽናል በረኛ ሲያጣ ለሰባት ቀን የአስቸኳይ ውሰት ሊወስድ ይችላል። ሐሙስ ማታ ስልክ ይደወላል፣ ዓርብ ከማያውቃቸው ተከላካዮች ጋር አንድ ልምምድ ይሠራል፣ ቅዳሜ ይሰለፋል። ስለዚህ ተጠባባቂ በረኛ ሁልጊዜ ቦርሳው የታሰረ ይሁን።

ስለ አንድ ለአንድ ጥቂት ልበል፤ ልጆች በጣም የሚሳሳቱበት ነው። አጥቂው ብቻውን ሲመጣ ሁሉም ሮጦ መውጣት ይፈልጋል። ትክክሉ፣ ኳሷ ከአጥቂው እግር ስትርቅ መቅረብ፣ ኳሷ እግሩ ስር ስትሆን መቆም ነው። አጥቂው ሊመታ አንገቱን ሲደፋ በረኛው በሁለት እግሩ ሚዛኑን ጠብቆ መገኘት አለበት፤ በሩጫ ላይ ያለ በረኛ ወደ ጎን መውደቅ አይችልም። ርቀቱ አንድ ሁለት ሜትር ከሆነ አንድ ጉልበቱን ወደ መሬት አውርዶ፣ ሌላውን እግር ወደ ጎን ከፍቶ፣ እጆቹን ከጎኑ ዘርግቶ ይጋርዳል። አምስት ሜትር ከሆነ ይህን ማድረግ ስህተት ነው፤ ቆሞ ይጠብቅ፣ በምላሽ ፍጥነቱ ያድን። የማንችስተር ዩናይትዱ በረኛ ፒተር ሽማይክል በ1990ዎቹ እጅና እግሩን ዘርግቶ ሲዘል ያየ ልጅ ሁሉ ርቀቱን ሳይለካ ይኮርጀዋል።

ሪጎሬ ላይ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ከ11 ሜትር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተመታች ኳስ በ0.4 ሰከንድ ያህል ትደርሳለች፤ አይቶ መሄድ አይበቃም፣ መገመት ያስፈልጋል። ከ2019 ጀምሮ ኳሷ ስትመታ ቢያንስ የአንድ እግር ክፍል መስመሩ ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ የድሮው ቀድሞ ወደ ፊት መዝለል ቀርቷል፤ ጥናት በቦታው ገብቷል። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ፒክፎርድ የስዊዘርላንድ መቺዎች ወደየት እንደሚመቱ የውሃ ጠርሙሱ ላይ ለጥፎ ነበር፤ ማኑኤል አካንጂ ላይ የተጻፈው ወደ ግራ እንዲወድቅ ነበር፣ ወደ ግራ ወደቀ፣ አዳነ። የክሪስታል ፓላሱ ዲን ሄንደርሰንም በግንቦት 2025 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ የኦማር ማርሙሽን ምት አድኖ ክለቡ 1 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫውን አነሳ። ሄንደርሰንም ከዚያ በፊት ስቶክፖርት፣ ግሪምስቢ፣ ሽሩውስበሪና ሼፊልድ ዩናይትድ በውሰት ዞሯል።

ስለ ጓንት። የመዳፉ ላቴክስ በተለመደው 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለስላሳው ኳስ በደንብ ይይዛል ግን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ለጨዋታ፣ አንድ ለልምምድ። ደረቅ ላቴክስ አይዝም፤ ከጨዋታ በፊት በውሃ ይርጠብና ይጨመቅ። ከጨዋታ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ፣ ሳይጠመዘዝ በመዳፍ ይጨመቅ፣ በጥላ ይድረቅ። ማሞቂያ ራዲያተር ላይ ያስቀመጡት ጓንት ይሰነጠቃል፤ የእንግሊዝ ቤት ሁሉ በብርዱ ወራት የሚሠራው ስህተት ይኸው ነው። ልኩም ከጣት ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ትርፍ ይኑረው፤ «ያድግበታል» ብላችሁ ሰፊ አትግዙ፣ ጣት የሚሰበረው በእሱ ነው።

ስለ ጉዳት። ጣትና ትከሻ የዘወትር ናቸው፤ ፖፕ በታኅሣሥ 2023 ትከሻው ወልቆ በቀዶ ጥገና ለወራት ከሜዳ ርቋል። የሚያስፈራው ግን ጭንቅላት ነው። ጥቅምት 14 ቀን 2006 ሬዲንግ ሜዳ ላይ የቼልሲው በረኛ ፒተር ቼክ ከተጋጣሚ አማካይ ጉልበት ጋር ተጋጭቶ የራስ ቅሉ ተሰበረ። በጥር ተመለሰ፣ እስከ ሙያው መጨረሻም የራስ መከላከያ አድርጎ ተጫወተ፤ በፕሪሚየር ሊግ መረቡ ያልተደፈረባቸው 202 ጨዋታዎች እስከ ዛሬ ክብረ ወሰን ናቸው። በልጆች ሜዳ ግን ሐኪም የለም። የመንግሥት መመሪያው ግልጽ ነው፦ ጭንቅላቱን ተመትቶ የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው ይወጣል፣ በዚያ ቀን አይመለስም፣ ወደ ውድድርም ቢያንስ እስከ 21 ቀን አይገባም። ልጁ «ደህና ነኝ» ቢል፣ ጨዋታው የዋንጫ ፍጻሜ ቢሆን፣ ይውጣ። እባካችሁ በዚህ አትደራደሩ።

ቁጥር ሁለትና ቁጥር ሦስት መሆን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለቁጥር ሁለቱ የካራባኦ ዋንጫ (የሊጉ ዋንጫ) እና የኤፍኤ ዋንጫ የመጀመሪያ ዙሮች ይሰጡታል። ካዊምሂን ኬለሄር በሊቨርፑል እንዲህ ሁለት የካራባኦ ዋንጫ ፍጻሜ ተጫውቶ አሸንፏል፤ ከቁጥር አንዱ ከአሊሰን ስር መቀመጡ ግን ሲበቃው በ2025 ወደ ብሬንትፎርድ ሄደ፣ ደግ አደረገ። ቁጥር ሦስት ላይ የደንብ ጉዳይ አለ። የፕሪሚየር ሊግ ዝርዝር 25 ሰው ነው፤ ከውስጡ በአገር ውስጥ ያልሠለጠነ ከ17 መብለጥ አይችልም። ከ21ኛ ልደቱ በፊት ሦስት ዓመት በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ክለብ የተመዘገበ አንጋፋ በረኛ ያን ቦታ ይሞላል፣ በልምምድም ይረዳል። ስኮት ካርሰን በ2007 ዌምብሊ ላይ ክሮኤሺያ 3 ለ 2 ስታሸንፍ ኒኮ ክራንቻር ከሩቅ የመታት ኳስ ከፊቱ ነጥራ አመለጠችው፤ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር፣ ሜዳው ረጥቦ ነበር፣ አገር ሁሉ ፈረደበት። ያው ካርሰን ግን ከ2019 እስከ 2025 በማንችስተር ሲቲ ቁጥር ሦስት ሆኖ ሁለት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በ2023 የቻምፒየንስ ሊግ ሜዳሊያ ወሰደ። በ35 ዓመት የሚከበር ሥራ ነው። በ20 ዓመት ግን ይህን ወንበር የተቀበለ ልጅ ራሱን ይቀብራል።

ሴት ልጆቻችሁም እዚህ አሉ፣ ለእነሱም እላለሁ። የእንግሊዝ በረኛ የነበረችው ሜሪ ኧርፕስ በ2022 የአውሮፓ ዋንጫን አነሳች፣ በ2023 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የጄኒፈር ኤርሞሶን ፍፁም ቅጣት ምት አዳነች። ተተኪዋ ሃና ሃምፕተን ከዓይን ችግር ጋር ተወልዳ በሕፃንነቷ በተደጋጋሚ ቀዶ ጥገና ያደረገች ናት፤ በ2025 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ከስፔን ጋር በመለያ ምት ሁለት አዳነች። የሴቶቹ ሊግ ገንዘብ አሁን እያደገ ነው፤ የበረኛ አሰልጣኝ ግን በታችኞቹ ክለቦች ገና እጥረት አለ። ሴት ልጃችሁ ክለብ ስትመርጥ መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ይሁን።

የበረኛ ዕድሜ ረጅም ነው፤ ይህም ትዕግሥትን ዋጋ ያሰጠዋል። ሺልተን በ1996 በሌይተን ኦሪየንት ማሊያ 1,000ኛ የሊግ ጨዋታውን ሲያደርግ 47 ዓመቱ ነበር፤ ጠቅላላው 1,005 ደረሰ። ብራድ ፍሪደል ከ2004 እስከ 2012 በፕሪሚየር ሊግ 310 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተሰልፏል። ቤን ፎስተር ጓንት ሰቅሎ ከቆየ በኋላ በ2023 ሬክሳም ጠራው፤ 40 ዓመት በሞላው በሳምንቱ ኖትስ ካውንቲ ላይ በጭማሪ ሰዓት ፍፁም ቅጣት ምት አድኖ 3 ለ 2 አሸነፉ፣ ክለቡም ወደ ሊግ ሁለት አደገ።

ከጓንቱ በኋላ ያለው መንገድ በ30 ዓመት መጀመር አለበት፣ በ38 አይደለም። የአሰልጣኝነት ፈቃድ በየደረጃው ነው የሚገኘው፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ለበረኛ አሰልጣኞች ለብቻው ያዘጋጀው ፈቃድም አለ፣ ከዋናው ፈቃድ ጎን ይወሰዳል። ከ1907 ጀምሮ ያለው የተጫዋቾች ማኅበር ለአባሎቹ በትምህርት ወጪ ይረዳል፤ ልጁ ፕሮፌሽናል ውል ሲፈርም በዚያው ዕለት አባል ይሁን። በየክለቡ የበረኛ አሰልጣኝ ያስፈልጋል፣ ከወጣት እስከ ዋናው ቡድን፤ በሙያው ያለፈ፣ ተሻጋሪ ኳስ በትክክል መምታት የሚችልና ለ17 ዓመት ልጅ ስህተቱን ሳያዋርድ የሚነግር ሰው ሥራ አያጣም።

ከውጭ ሜዳው ክፍት ነው፤ ሁለት ግብ ተተክሏል፣ አንዱ 4.88፣ አንዱ 7.32። ልጆቹ ጓንታቸውን አርጥበው ይውጡ፣ በማዕዘን ምቱ እንጀምራለን። ወላጆች ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ አለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።